የሳይነስ ሲቲ ስካን ለታዘዘለት ሰው

እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ከተማ ግንባርን ቀስፎ የሚይዝ ራስ ምታት ሁሉ «ሳይነስ» (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ውስጥ ያሉት በአየር የተሞሉ ክፍተቶች ሕመም) ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። የአንገት በላይ ሐኪሙ ሲቲ ስካን (በኤክስሬይ ጨረር የውስጥ አካልን ምስል የሚያነሳ ምርመራ) ከማዘዙ በፊት ስለ አፍንጫ መታፈን፣ ስለ ወፍራም ፈሳሽና ስለ ማሽተት መቀነስ ደጋግሞ የሚጠይቀው፣ ሕመሙም ከ12 ሳምንት በላይ መቆየቱን የሚያጣራው በዚህ ምክንያት ነው። ጉንፋን በያዘዎት ሰሞን የሚነሳ ምስል የጉንፋኑን እብጠት ጭምር ስለሚያሳይ ሥር የሰደደውን ችግር ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በተለይ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡ ከሆነ፣ ከመነሳትዎ በፊት ቀኑ ይተላለፍ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የዓይን አካባቢ እብጠት ወይም የእይታ መደብዘዝ ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ምርመራው በአብዛኛው በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ስለሌለው ምግብ መተው አያስፈልግም፤ በጾም ላይ ያለ ሰውም ጾሙን መፍታት አይኖርበትም። ኮንትራስት ከታዘዘ የአለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩ። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ማሳወቅ አለባት።

ብረት በምስሉ ላይ ጨረር መሳይ መስመር እየፈጠረ አጥንቱን ይሸፍናል። ጉትቻ፣ መነጽር፣ የፀጉር ሽቦ፣ ተነቃይ ጥርስና ብዙዎች የሚረሱት የሂጃብ ስፒል መውለቅ አለባቸው። የማተብ ክር ችግር የለውም፤ የብረት መስቀል ካለበት ግን ለባለሙያው ያሳዩት። የማይወልቅ የወርቅ ጥርስ ካለዎትም እንዲሁ ይንገሩት።

አልጋው ላይ በጀርባዎ ተኝተው ራስዎ በመደገፊያ ይያዛል። መሣሪያው ሰፊ ቀለበት እንጂ እንደ ኤምአርአይ ረጅም ዋሻ ስላልሆነ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰውም በአብዛኛው ይችለዋል። ምስሉ የሚነሳው በሰከንዶች ውስጥ ሲሆን ዝግጅቱን ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚያች ቅጽበት መዋጥ፣ ማሳልና መናገር ምስሉን ያበላሻል፤ ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ይናፈጡ። ባለሙያው ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ ያይዎታል፣ ድምፅዎንም ይሰማል።

የጨረሩ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ነው፤ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ይህ ማለት ግን ያለ ምክንያት ይደጋገም ማለት አይደለም።

ሪፖርቱ ላይ «የሽፋን መወፈር» ወይም «የአፍንጫ ግድግዳ መጣመም» የሚል ሲያነቡ አይደንግጡ፤ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ይታያል፤ ትርጉም የሚኖረው ከምልክቶችዎ ጋር ሲገናዘብ ነው። ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ ከወረቀቱ ጋር ሲዲውን ወይም ፊልሙን መያዝ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ፣ ሳይነሱን ከዓይን የሚለየው አጥንት እጅግ ስስ በመሆኑ ሐኪሙ ምስሉን ራሱ ማየት ይኖርበታል።