ሊን ኮንክሪት ሲፈተሽ የሚሠሩ ስህተቶች

ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ መንገድ ሲሠራ ሁላችንም የምናየው ከላይ የሚነጠፈውን ነው። በኮንክሪት መንገድ ግን ከሥር ሲሚንቶው ያነሰ፣ ደረቅ ያለ ሊን ኮንክሪት ይገባል። ንጣፉን እኩል ይደግፋል፤ ውሃ ከሥር አፈሩን እንዳይሸረሽርበትም ይከላከላል። አንዴ ከተሸፈነ ተመልሶ አይታይም። ስለዚህ ፍተሻው ላይ መዘናጋት አይገባም።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ስላምፕ (ድብልቁ ከኮን ሻጋታ ሲወጣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል) ለክቶ መርካት ነው። በሮለር የሚጠቀጠቅ ሊን ስላምፑ ዜሮ ነው። ውሃው ልክ ቢሆንም ዜሮ፣ ቢያንስም ዜሮ። መለካት ያለበት የድብልቁ እርጥበት ነው። ውሃው ሲበዛ ሮለሩ ላይ ይጣበቃል፤ ሲያንስ ላይ ላዩ ይፈረፈራል። በክረምት ደግሞ አሸዋው ዝናብ ጠጥቶ ያድራል። ጠዋት እርጥበቱን ሳትለኩ የትናንቱን ውሃ አትድገሙ።

ከሁሉም የከፋው የኪዩቡ፣ ማለትም ድብልቁ በሻጋታ ተሞልቶ ጥንካሬው የሚፈተሽበት ናሙና፣ ነገር ነው። እንደ ቤት ኮንክሪት በብረት ዘንግ እየወጉ ይሞሉታል። ደረቅ ድብልቅ በዘንግ አይጠቀጠቅም። ኪዩቡ ውስጡ ክፍተት ይዞ ይቀራል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሰበርም ውጤቱ ይወርዳል። አንድ ሳይት ላይ ይኸው ሆነና ወዲያው «ሲሚንቶ ጨምሩ» ተባለ። መንገዱ ግን ችግር አልነበረበትም፤ የተበላሸው ኪዩቡ ነበር። ሲሚንቶ መጨመርም ጉዳት አለው። ሊን ከልክ በላይ ሲጠነክር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ላይኛው ንጣፍ ሊወጣ ይችላል። የ150 ሚሊሜትሩን ኪዩብ በ3 ንብርብር ሙሉት፣ እያንዳንዱንም ካሬ እግር ባለው የሚንቀጠቀጥ መዶሻ ጠቅጥቁት።

በተቃራኒው፣ ኪዩቡ አሪፍ ወጣ ብሎ መንገዱን መተውም አለ። ኪዩቡ 10 ሜጋፓስካል ጥንካሬ አወጣ እንበል። ያ ስለ ድብልቁ እንጂ ስለ ሮለሩ ሥራ ምንም አይነግራችሁም። መንገዱ ላይ ጥግግቱን በሳንድ ኮን (ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ስፋቱን በአሸዋ በመለካት) ለኩ፤ ጉድጓዱንም በዚያው ድብልቅ ሞልታችሁ ጠቅጥቁት። መሃል ከተማ ውስጥ በየጥቂት ሜትሩ ማንሆል አለ። ሮለር እዚያ ዙሪያና ጠርዙ ላይ በደንብ አይደርስም። እባካችሁ ቢያንስ አንዱ ልኬት ከዚያ ይሁን፤ ሁሉንም ከመሃል አትውሰዱ።

ናሙናውን ከማደባለቂያው ጣቢያ ብቻ መውሰድም ያታልላል። መኪናው ለገሃር ጋ ትራፊክ ይዞት ሲቆም ድብልቁ እየደረቀ፣ ሲሚንቶውም መያዝ እየጀመረ ነው። ሊነጠፍ ሲል ከሳይቱ ውሰዱ፤ የተደባለቀበትንና ተጠቅጥቆ ያለቀበትን ሰዓት ጻፉ።

የመጨረሻው ስለ ውሃ ማጠጣት ነው። ኪዩቡ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ 7 ቀን ይቆያል፤ መንገዱ ደግሞ በየካቲት ፀሐይና ንፋስ ሲደርቅ ይውላል። ውጤቱን ስታነቡ ይህን አስቡ። ከተጠቀጠቀበት ሰዓት ጀምሮ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ሳይደርቅ ያድር። ሲኖትራክም ጥንካሬው ሳይደርስ አይውጣበት።