አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው እንዴት መርዳት ይቻላል

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ወደ መሀል አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ሁሉ መንገዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ያውቃል። አንጎል ግን ኦክስጅን ከተቋረጠበት ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ በከተማዋ ዳርቻ የታካሚው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በወደቀበት ቦታ ነው። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለፓራሜዲክ ተማሪዎች ነው፤ ሆኖም መሣሪያ የማይጠይቀውን ክፍል ማንኛውም ጎረቤት፣ ሾፌርና የጥበቃ ሠራተኛ ቢያውቀው ሰው ይተርፍበታል።

አዲስ ተማሪ ጥሪ ሲደርሰው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ኦክስጅን ሲሊንደሩ ነው። ጉሮሮው በተዘጋ ሰው ላይ የሚለቀቅ ኦክስጅን ግን ሳንባ አይደርስም። መጀመሪያ የአየር መተላለፊያው ይከፈት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፦ ከመጠጋትዎ በፊት

አካባቢው ለእርስዎም አደገኛ አለመሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም ወደ እሳትና አደጋ 939 ይደውል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክ ቁጥሩን ይናገር፤ ቁጥር በሌለበት መንደር ደግሞ አንድ ወጣት እስከ አስፋልቱ ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ።

የከበበውን ሰው ገለል ያድርጉ፣ ግን በትህትና። ሰዉ ለመርዳት ነው የቆመው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ማጠጣት፣ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ በሚንቀጠቀጥ ሰው ጥርስ መሀል ማንኪያ ማስገባት በየሰፈሩ ይደረጋል። ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል፣ ጭሱ መተንፈሻውን ያስቆጣል፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። እናት ጸበል ልትረጭ ብትፈልግ አትከልክሏት፤ አፉ ውስጥ እንዳታፈስ ብቻ ይንገሯት።

ሁለተኛ፦ እየተነፈሰ ነው?

ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ይጥሩት። ካልመለሰ ጆሮዎን ወደ አፉ አስጠግተው፣ ዓይንዎን ደረቱ ላይ ጥለው፣ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ይመልከቱና ያዳምጡ። አልፎ አልፎ የሚመጣ፣ ማቃሰት የሚመስል ትንፋሽ ልብ ሲቆም የሚታይ ምልክት ነው፤ እንደ ትንፋሽ አይቁጠሩት። በዚህ ጊዜ በቀጥታ ደረትን ወደ መጫን ይሂዱ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየ30ው ግፊት 2 ትንፋሽ።

የሚሰማው ድምፅ ራሱ ብዙ ይናገራል። ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ምላስ ወደ ኋላ መውደቁን ይጠቁማል። የሚንቆረቆር ድምፅ ደም፣ ምራቅ ወይም ትውከት መኖሩን ይነግራል። ሲያስገባ የሚሰማ ሻካራ ጩኸት የላይኛው መተላለፊያ መጥበቡን፣ ሲያስወጣ የሚሰማ ፉጨት ደግሞ የአስም ዓይነት ጥበትን ያመለክታል። ደረቱ እየታገለ ምንም ድምፅ ከሌለ ነገሩ ከሁሉም የከፋ ነው።

ሦስተኛ፦ መተላለፊያውን መክፈት

ራሱን የሳተና በጀርባው የተኛ ሰው ጡንቻው ስለሚላላ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና ጉሮሮውን ይዘጋል። አንድ እጅዎን ግንባሩ ላይ አድርገው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፤ በሌላው እጅዎ ሁለት ጣቶች የአገጩን አጥንት ይዘው ወደ ላይ ያንሱ። ማንኮራፋቱ እዚያው ሊያቆም ይችላል። ለጨቅላ ሕፃን ግን አንገቱ ብዙ አይዘንበል፤ ፊቱ ቀጥ ብሎ ጣሪያውን እንዲያይ በቂ ነው፤ ከትከሻው ሥር የተጣጠፈ ነጠላ ማድረግ ይረዳል።

ከአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ አካባቢ ለደረሰ ግጭት ወይም ከሕንፃ ግንባታ ለወደቀ ሠራተኛ ጥሪ ሲመጣ የአንገት ጉዳት ይጠረጠራል። ያኔ ከራስጌው ተንበርክከው፣ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅሱ፣ ጣቶችዎን ከጆሮው በታች ካለው የመንጋጋ ማዕዘን ኋላ አስገብተው መንጋጋውን ወደ ፊት ይግፉ። በዚህ ካልተከፈተ ጭንቅላቱን በጥቂቱ ማዘንበል ይፈቀዳል፤ ትንፋሽ ያጣ ሰው አንገቱ ስለተጠበቀለት አይድንም።

አፉ ውስጥ የሚታየውን ያውጡ፤ የማይታየውን በጣት አይፈልጉ። ፈሳሽ በሚስበው መሣሪያ (በሰክሽን) ሲያጸዱ ዓይንዎ የሚያየውን ያህል ብቻ ያስገቡ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድም አይለፉ። ምላስን ከጉሮሮ የሚያርቀው፣ በአፍ የሚገባው ጎባጣ ቱቦ (ኤርዌይ) የሚለካው ከአፍ ጥግ እስከ መንጋጋ ማዕዘን ነው፤ የሚያቅለሸልሸው ወይም የሚያስለው ታካሚ ላይ አይሞከርም። በደንብ እየተነፈሰ ራሱን የሳተ፣ የአንገት ጉዳትም የማይጠረጠርበት ሰው በጎኑ ይተኛ።

አራተኛ፦ በአምቡ ባግ ማስተንፈስ

አምቡ ባግ ጭምብል ያለው፣ በእጅ ተጨምቆ አየር የሚያስገባ ከረጢት ነው። ብዙ ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ሰጥታችሁ ተለማመዱት። አውራና ጠቋሚ ጣት ጭምብሉን ፊት ላይ ይይዛሉ፤ ሦስቱ ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ይዘው ፊቱን ወደ ጭምብሉ ያነሳሉ። ጣቶቹ አገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫኑ ምላሱን መልሰው ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። ሁለት ሰው ካለ አንዱ በሁለት እጁ ጭምብሉን ይያዝ፣ ሌላው ባጉን ይጭመቅ፤ ይህ ሁልጊዜ የተሻለ ነው።

የልብ ምት ላለው አዋቂ በየ6 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ፣ ለልጅ ደግሞ በየ2 ወይም 3 ሰከንዱ። ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ በ1 ሰከንድ ቀስ ብለው ይጭመቁና ይልቀቁ። በድንጋጤ እየተቻኮሉ የሚጨምቁት አየር ወደ ሆድ ይገባል፣ ከዚያ ትውከት ይመጣል፣ ትውከቱም ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ምግብ ሲያንቅ

በበዓል ቀን ጥሬ ሥጋ፣ በሌላው ቀን ለሕፃናት ቆሎና ኦቾሎኒ። የሚያስልና የሚናገር ከሆነ በርትቶ እንዲያስል ያበረታቱት። ድምፁ ከጠፋ ወደ ፊት አጎንብሰው በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍ ይምቱ፤ ካልወጣ ከኋላው ቆመው ከእምብርት በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ፤ እያፈራረቁ ይቀጥሉ። ለነፍሰ ጡር ሆድ ሳይሆን ደረት ይጫናል። ከዓመት በታች ላለ ሕፃንም 5 ጊዜ ጀርባ፣ 5 ጊዜ ደረት ነው።

አስም

ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ አያስተኙት። የጠበበውን መተንፈሻ የሚከፍተው ሳልቡታሞል በስፔሰር (መድኃኒቱ ተነፍቶ በሚሳብበት ባዶ ዕቃ) አንድ አንድ ፓፍ እየተነፋ፣ በየመሀሉ ጥቂት ጊዜ እየተነፈሰ፣ ከ4 እስከ 10 ፓፍ ይሰጠው። ስፔሰር ከሌለ ባለ ግማሽ ሊትር የውሃ ሃይላንድ ታጥቦ፣ ከታች በኩል ለመንፊያው አፍ ልክ ተበስቶ ያገለግላል። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወደ ሆስፒታል ጉዞው አይዘግይ።

ከሰል ያፈናቸው

ይህን በተለይ አጥብቄ እጽፈዋለሁ። በክረምት ሌሊት፣ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ማንደጃ ገብቶ በር ሲዘጋ የሚሞቱት ተኝተው ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ የጠፋለት የጋለ ፍምም ያመነጨዋል። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዘው ሰዎች ምግብ ነው ይላሉ፤ እርስዎ ማንደጃውን ይፈልጉ። በርና መስኮት ከፍተው ሁሉንም በፍጥነት ወደ ውጭ ያውጡ፤ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ምርመራ አይጀምሩ።

ጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክስጅን የሚለካው ኦክሲሜትር እዚህ አይታመንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚያነብ 99 በመቶ እያሳየ ሰው ሊሞት ይችላል። ከረጢት ባለው ጭምብል በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ኦክስጅን ይስጡ። በተራ አየር የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ያለም ሆስፒታል ይሂድ።

የኦክሲሜትሩን ቁጥር ሲያነቡ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ የእንጦጦ ዳገትም ከ3,000 ያልፋል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 በመቶ ቢያሳይ አያስደነግጥም። ከ90 በታች ሲሆን ኦክስጅን ያስፈልገዋል። የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለም መሣሪያውን ያሳስታሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይም ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ከኦክስጅን ማነስ የሚመጣውን መጥቆር በከንፈር ውስጠኛ ክፍልና በምላስ ላይ ይፈልጉ። ለልጆች ትንፋሽን ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ዋጋ አለው፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

ማውረድና ማስረከብ

ሊፍት በሌለው ሕንፃ ታካሚ ሲወርድ ጭምብሉ የሚንሸራተተው፣ አገጩም የሚወድቀው ደረጃው ላይ ነው። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ብቻ ይያዝ፤ በየወለሉ ቆማችሁ ደረቱን እዩ። ሆስፒታል ስትደርሱ ያገኛችሁበትን ሰዓት፣ ከኦክስጅን በፊትና በኋላ የተነበበውን ቁጥር፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ያስመለሰ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ተራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የሲሊንደሩን ግፊት ተመልከቱ፤ የተጠቀማችሁበት ጭምብልና የሰክሽን ቱቦም ይቀየር።