ኤልኢዲው አልበራ አለ? ከ555 ጋር የመጀመሪያው ትግል

ኤሌክትሮኒክስ የጀመረ ሰው አንድ ቀን 555 አይሲ (ጊዜ እየቆጠረ የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ 8 እግር ቺፕ) ገዝቶ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ብልጭ ድርግም ለማድረግ መቀመጡ አይቀርም። ብዙው ታዲያ ምንም ብልጭታ ሳያይ ይነሳል።

የምናወራው ስለዚህች ሰርኪዩት ነው፦ 9 ቮልት ባትሪ፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (አር1)፣ 68 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (አር2)፣ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር። ኤልኢዲው የአይሲው እግር 3 ላይ ከ470 ኦም ሬዚስተር ጋር ይሰካል። ሁሉም በቦታው ከሆነ በሰከንድ አንዴ ገደማ ይበራል።

ጭራሽ አይበራም

አይሲው ተቃጥሏል ብላችሁ ሌላ ልትገዙ አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቦ ነው። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና ጥቁሩን እግር 1፣ ቀዩን እግር 8 አስነኩ። ባትሪው ላይ ሳይሆን አይሲው እግር ላይ። 9 አካባቢ ካላሳየ ኃይሉ አልደረሰም ማለት ነው።

እኔ አንድ ሙሉ ምሽት የፈጀሁት እዚህ ላይ ነው። ባትሪው 9.1 ያሳያል፣ አይሲው ዜሮ። ለካ የብሬድቦርዴ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ቦርድ) ቀይ የኃይል መስመር መሃል ላይ የተቆረጠ ኖሯል! ባትሪው በአንዱ ግማሽ፣ አይሲው በሌላው። አንዲት አጭር ሽቦ ገላገለችኝ። ሁሉም ቦርድ እንዲህ አይደለም፤ የእናንተን በቴስተር ፈትሹት።

ኃይሉ ደርሶም ካልበራ ኤልኢዲውን እዩ፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ነው። ቀጥሎ የአይሲው እግር 4። ግራውንድ (የባትሪውን ኔጌቲቭ) ከነካ አይሲው ሪሴት ላይ ይቀራል፣ ማለትም አይሠራም፤ ወደ 9 ቮልቱ ውሰዱት።

በርቶ ይቀራል

እግር 3ን ለኩ። 4 ቮልት አካባቢ ከሆነ እየበራ እየጠፋ ነው፣ ዓይናችሁ ግን አልደረሰበትም። ካፓሲተሩን አንብቡ። ሴራሚክ ሆኖ 103 ከተጻፈበት 10 ናኖ ፋራድ ነው፤ ሺህ ጊዜ ያንሳል፣ ብልጭታው ደግሞ ሺህ ጊዜ ይፈጥናል። 10 ማይክሮውን ተኩ፣ ጭረት ያለበት ጎኑ ወደ ኔጌቲቭ።

ንባቡ ወደ 7 ወይም 8 ከተጠጋ ግን በእርግጥም ተጣብቋል። እግር 2 እና 6 በሽቦ ተገናኝተዋል? የአር1 አንድ ጫፍ ከ9 ቮልቱ ወጥቶ ይሆን?

ይፈጥናል

በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል ካበራ አር2ን ጠርጥሩ። 68 ኪሎ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ብርቱካናማ ነው፤ 6.8 ኪሎ ደግሞ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቀይ። ማታ በአምፖል ብርሃን ብርቱካናማና ቀይ መንታ ናቸው። ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት።

አይሲው ይግላል

ባትሪውን ቶሎ ንቀሉ! ተገልብጦ ተሰክቷል ወይም ሁለት ሽቦ ተነካክቷል።

ምንም ካልተገኘ ሰርኪዩቱን ሳሉት

ከመጽሐፍ አትቅዱ። ፊታችሁ ካለው ቦርድ ላይ ሽቦ በሽቦ እየተከተላችሁ ሳሉ። ልንሰካው ያሰብነውና የሰካነው ለየቅል ናቸው፣ ስህተቱም እርሳሱ እጃችሁ ላይ እያለ ብቅ ይላል። ፖዘቲቩ ከላይ፣ ግራውንዱ ከታች ይሁን። እያንዳንዱ እግር ቁጥሩ ይጻፍበት።

ትልቁ ጣጣ ነጥቧ ናት። ሁለት መስመሮች ሲተላለፉ ነጥብ ካለ ተገናኝተዋል፣ ከሌለ አልተገናኙም። 2ን ከ6 የሚያገናኘው መስመር የእግር 7ን መስመር ሲሻገር በስህተት ነጥብ አድርጋችሁ እንደዚያው ከሰካችሁ አር2 ከጨዋታ ይወጣል። የሚጠፋበት ጊዜ እጅግ ስለሚያጥር ኤልኢዲው በርቶ የቀረ ይመስላል።

ሌላም አለ። ስዕል ላይ የአይሲው እግሮች ለመሳል በሚመች ቦታ እንጂ በተራ አይቀመጡም። ቦርዱ ላይ ስትሰኩ ግን የአይሲውን ጎድጓዳ ምልክት ወደ ላይ አዙሩ፤ 1 ከላይ በስተግራ ነው፣ በግራው እስከ 4 ትወርዳላችሁ፣ በቀኙ ከ5 እስከ 8 ትወጣላችሁ።