ተች ስክሪንና ብዕር አልታዘዝ ሲሉ እንዴት እንደሚስተካከሉ

አንዱን ቁልፍ ስትነኩ ጎረቤቱ ይከፈታል? ወይ ብዕሩ የሚጽፈው ከጫፉ ራቅ ብሎ ነው? ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ሴቲንጉን እንየው። እኔ የምጠቀመው ዊንዶውስ 11 ነው።

መጀመሪያ ስክሪኑን ጥረጉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ስክሪኑ ሳይነካ ራሱን የሚነካ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ እዩት። አንዳንዴ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው።

ካልተፈታ ኮንትሮል ፓናል ክፈቱ። «ቪው ባይ» የሚለውን ወደ ላርጅ አይከንስ ቀይሩና ታብሌት ፒሲ ሴቲንግስ ውስጥ ግቡ። እዚያ ሴትአፕ፣ ካሊብሬትና ሪሴት የሚሉ ቁልፎች አሉ። ሰው ሁሉ ዘሎ የሚገባው ካሊብሬት ውስጥ ነው፤ ይሄ የተዛነፈ ንክኪን ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለው ነው። እኔም እንደዚያው።

አንድ ቀን ላፕቶፔ ላይ ሁለተኛ ስክሪን ሰካሁ። ላፕቶፑን ስነካ ያኛው ስክሪን ላይ ያለው መስኮት ይንቀሳቀሳል። ተዛንፏል ብዬ ካሊብሬት አደረግሁ። አልሆነም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። በአራተኛው ጭራሽ አበላሸሁት፤ ሁለተኛውን ስክሪን ብነቅለውም ጣቴና ጠቋሚው አልገናኝ አሉ። ለካ መጀመሪያውኑ የተዛነፈ ነገር አልነበረም። ዊንዶውስ የሚነካው ስክሪን የትኛው እንደሆነ ተምታቶበት ነው።

ስለዚህ ሁለት ስክሪን ካላችሁ በሴትአፕ ጀምሩ። ስትጫኑት አንዱ ስክሪን ላይ «ንካኝ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉ የወጣው ተች ባለው ስክሪን ላይ ከሆነ ንኩት። በሌላኛው ላይ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! ኪቦርዱ ላይ ኢንተር ብቻ ተጫኑ፣ ጽሑፉ ወደሚቀጥለው ስክሪን ይሄዳል። ቸኩላችሁ ላፕቶፑን ከነካችሁት ዊንዶውስ ንክኪውን ከሌላኛው ስክሪን ጋር ያያይዘዋል። ያኔ እንደገና መጀመር ነው።

አሁንም የሚዛነፍ ከሆነ ካሊብሬት ተራው ደረሰ። ከዚህ በፊት የነካካችሁት ካለ መጀመሪያ ሪሴት በሉት። ብዕር ወይስ ጣት ብሎ ከጠየቀ፣ የሚያስቸግራችሁን ምረጡ። ብዕርን ከመረጣችሁ በጣት አትንኩ። አቀማመጣችሁም ሁልጊዜ ስትጽፉ እንደምትቀመጡት ይሁን፤ ስክሪኑን በጎን እያያችሁ ከነካችሁ ስህተቱ አብሮ ይመዘገባል። ከዚያ መስቀለኛ ምልክቶቹን በየተራ መሃላቸውን መንካት ነው። አንዱን ከሳታችሁ በማውዝ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። መጨረሻ ላይ «ሴቭ ይደረግ?» ይላል። ከተጠራጠራችሁ እምቢ በሉት።

የቀረው ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ፔን ኤንድ ዊንዶውስ ኢንክ ግቡና የምትጽፉበትን እጅ ምረጡ። ግራኝ ሆናችሁ ይሄን ካልቀየራችሁ ሜኑው እጃችሁ ሥር እየወጣ ይደበቅባችኋል። የምትስሉ ከሆነ ደግሞ ብዕሩን ስታቆዩት እንደ ራይት ክሊክ የሚቆጥረውን ነገር አጥፉት። ያለው ኮንትሮል ፓናል ውስጥ፣ ፔን ኤንድ ተች የሚለው ጋ ነው። ለኔ ከጥቅሙ ንዝንዙ ይበልጣል።

ሲያልቅ ፔይንት ከፍታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አስምሩ። ጠርዙ አካባቢ ከብዕሩ ከሸሸ ካሊብሬቱ ይደገም። መሃል ላይ እየተቆራረጠ ከሆነ ግን ሴቲንጉን ተዉት፤ የብዕሩን ባትሪና ጫፉን እዩ።