ኢንቨርተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ሞተሩን ለዩት
በባሕር ዳርና በጣና ዳር በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ላላችሁ፦ በክረምት ኢንቨርተሩ የግራውንድ ፎልት (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው የሚል ምልክት) አሳይቶ ከቆመ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ኃይሉን ከዋናው ቆርጣችሁ ጠብቁ። በኢንቨርተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ቶሎ ባዶ አይሆኑም፤ በ380 ቮልት መስመር የውስጡ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ወደ 540 ይጠጋል፣ ሰው ይገድላል! መሣሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ካለፈ በኋላም በመልቲሜትር ሳትለኩ አትንኩት።

ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት ገመዶች ከኢንቨርተሩ ፍቱ፣ ጫፋቸውን ሸፍኑና ያለ ሞተር አስነሡት። ምልክቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከሞተሩ ነው። እኔ በክረምት መጀመሪያ የምጠረጥረው በሞተሩ ተርሚናል ሳጥን ውስጥ የገባውን እርጥበት ነው። በሜገር (የገመድና የሞተር ሽፋን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ) መለካት የሚቻለው ገመዱ ከኢንቨርተሩ እንደተፈታ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የውስጥ ትራንዚስተሮቹን ታቃጥላላችሁ። ንባቡ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ሞተሩን አድርቃችሁ እንደገና ለኩ።