ገልብጣችሁ እዩት፦ የእንግሊዝ የእጅ ሸክላ ስትሰበስቡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰዎች የገዙትን ሸክላ ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ ሁልጊዜ የሚልኩት ፊቱን ነው። ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ የተሳለበትን አበባ። እኔ ግን መጀመሪያ ማየት የምፈልገው መቀመጫውን ነው። ጭቃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እሳቱ ምን እንዳደረገው፣ ሠሪው ዕቃውን እንዴት እንደጨረሰው የሚታየው እዚያ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ላለው ሁሉ የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው፤ ዕቃውን ገልብጡት። ክዳን ካለው ግን ክዳኑን አስቀድማችሁ አንሱ። እኔ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሳገላብጥ ክዳኑን ሰብሬ ከፍዬ ወጥቻለሁ።

ለአዲስ ሰብሳቢ ባጭሩ፦ «ስቱዲዮ ፖተሪ» የሚባለው ፋብሪካ ያላመረተው፣ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በትንሽ ወርክሾፕ ጭቃውን ቀርጸው፣ ቀብተው፣ ራሳቸው ተኩሰው የሚያወጡት ሸክላ ነው። በእንግሊዝ ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በርናርድ ሊችና ጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ኮርንዎል ውስጥ ሴንት አይቭስ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ወርክሾፕ ሲከፍቱ ነው። የነሱና የተማሪዎቻቸው ሥራ ዛሬም ከሟች ቤት ዕቃ ጋር እየወጣ ቻሪቲ ሾፕ (ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ የበጎ አድራጎት ሱቅ) እና ካር ቡት ሴል (ሰዎች ከመኪናቸው ኋላ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ገበያ) ላይ ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያው ነው።

«ሻጩ የበርናርድ ሊች ሥራ ነው ይላል፤ ታች ያለው ማኅተም ግን የዶላር ምልክት ይመስላል»

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ያ ምልክት ዶላር አይደለም። «ኤስ» እና «አይ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተደራርበው ነው፣ ከግራና ቀኝ ነጥብ አላቸው፣ ሴንት አይቭስ ማለት ነው። የቦታው ማኅተም እንጂ የሰውየው አይደለም።

ስህተቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ወርክሾፑ በሊች ስም ይጠራል። ነገር ግን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በካታሎግ እየተሸጠ ኑሮውን የደጎመው ኩባያው፣ ሳህኑ፣ ማንቆርቆሪያውና የሾርባ ዕቃው በተለማማጆችና በሠራተኞች እጅ የተሠራ ነው። ሰብሳቢዎች ይህን «ስታንዳርድ ዌር» ይሉታል። ሊች ራሱ የሠራው ላይ ከቦታው ማኅተም ጎን የራሱ «ቢ» እና «ኤል» ይጨመራል። እዚህም ላይ ቢሆን ነገሩ ቀጥተኛ አይደለም፤ በኋለኞቹ ዓመታት ትልልቆቹን ዕቃዎች እሱ በወረቀት ስሎ እየሰጠ መንኮራኩሩ ላይ የሚያወጣለት ቢል ማርሻል የተባለ ድንቅ ባለሙያ ነበር።

መፍትሄው፦ ሁለት ማኅተም ፈልጉ። የቦታው ብቻ ካለ በስታንዳርድ ዌር ዋጋ ግዙ፣ በደስታም ግዙ። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን የምጠጣው በእንዲህ ዓይነት ኩባያ ነው፤ እጀታው ጣት ውስጥ የሚገባበት መንገድ የሚገርም ነው። የሚያናድደኝ የሠራው ወጣት ስሙ ሳይነሳ ዕቃው በጌታው ስም ሦስትና አራት እጥፍ ሲጠየቅበት ነው። «ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ አብሮ ከታተመበት ደግሞ ወደ ውጭ አገር እንዲሸጥ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ሻጭ ይህን እንደ ልዩ ምልክት ያጋንነዋል፣ አትስሙት።

«ማኅተም አለው፣ ግን አይነበብም»

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግሌዝ ነው፤ በእሳት ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጨው ሽፋን ማለቴ ነው። ማኅተሙ የሚመታው ጭቃው ሳይደርቅ ነው፣ ግሌዙ ኋላ ይመጣና ጎድጓዳውን ይሞላዋል።

የስልካችሁን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ መሬት ለመሬት አድርጋችሁ አብሩበት። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ካልሆነ ስስ ወረቀት አስቀምጣችሁ በእርሳስ ጎን በቀስታ ፈትጉት፤ ልጅ ሆነን በሳንቲም ላይ እንደምናደርገው። ከዚያ ደግሞ ወረቀቱን አዙራችሁ አንብቡ፤ የተገለበጠ «ደብሊው» «ኤም» ይሆናልና ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ባለ አምስት ጎን ሳጥን ውስጥ ያለ «ኤም» ካያችሁ ዊሊያም ስቴት መሪ የተባለው ሸክላ ሠሪ ሊሆን ስለሚችል ቁጭ ብላችሁ አስቡበት። ይህ ሰው ሸክላዎቹን እንደ ሥዕል ስም እየሰጠ ያሳይ የነበረ ነው። በ1939 ወደ ደቡብ ሮዴዥያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ዚምባብዌ ሄዶ በዚያው ቀረ፣ ሸክላ መሥራቱንም ተወ።

«ደብሊው» እና «ፒ» የዊንችኮም ወርክሾፕ ናቸው፤ ማይክል ካርዲው በ1926 የጀመረው፣ ኋላ ሬይ ፊንች የያዘው። «ደብሊው» እና «ቢ» ከሆነ ዌንፎርድ ብሪጅ ነው፣ ካርዲው በ1939 የከፈተው ሌላኛው ቦታ። አንዲት ፊደል ናት የምትለያቸው፣ እሷም ግሌዝ ውስጥ ተቀብራ ትገኛለች።

ማኅተሙን አንብባችሁም ስሙን ቶሎ አትወስኑ። አንድ ዓይነት ሁለት ፊደል የሚጠቀሙ ሸክላ ሠሪዎች በጣም ብዙ ናቸው። ፊደሉ ጥቆማ ነው፤ ጭቃው፣ ግሌዙና ቅርጹ ከፊደሉ ጋር ካልተስማሙ ፊደሉን ትታችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

«ምንም ማኅተም የለውም»

ተስፋ አትቁረጡ። ሃማዳ ራሱ ሴንት አይቭስ እያለ ማኅተም ይመታ ነበር፤ በ1923 ወደ ጃፓን ከተመለሰ በኋላ ግን ሥራው ላይ ምልክት ማድረጉን ተወ፣ የሚፈርመው የእንጨት ሳጥኑ ላይ ነበር። ስለዚህ ባዶ መቀመጫ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ ምንም አያፈርስም።

መጀመሪያ በእጅ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ጣታችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ግድግዳውን ዳስሱ። መንኮራኩር ላይ የወጣ ከሆነ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚወጣ የጣት መስመር ታገኛላችሁ። ወፍጮ ቤት እንደገባ ድንጋይ ልሙጥ ከሆነና በጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ስፌት ካለው በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ነው። ያ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ትሮይካ የሚባሉት ሻካራና ባለ ማዕዘን የአበባ ማስቀመጫዎች በዚህ መንገድ ነው የተሠሩት፤ ወርክሾፑ በ1970 ከሴንት አይቭስ ወደ ኒውሊን ተዛውሮ በ1983 እስኪዘጋ ድረስ። ታች የምታዩት የእጅ ጽሑፍ ፊደል ዕቃውን ያስጌጠው ሰው ምልክት ነው። ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ «መንኮራኩር ላይ የወጣ» ብሎ ከሚሸጥላችሁ ሰው ግን አትግዙ።

«የአፍሪካ ማስታወሻ ዕቃ ነው ብለው በርካሽ ሸጡልኝ»

ይህን ርዕስ ስጽፍ ልቤ ይሞቃል። አንድ ቀን የቻሪቲ ሾፕ መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ ግሌዝ ያለው፣ እንሽላሊት የተጫረበት ማሰሮ ከእንጨት ዝሆን ጋር ተቀምጦ አገኘሁ።

ምክንያቱ ሻጩ አንዱን ምዕራፍ አለማወቁ ነው። ካርዲው በ1942 ወደ ጎልድ ኮስት፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጋና ሄደ። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ናይጄሪያ፣ አቡጃ (ዛሬ ሱሌጃ የምትባለው ከተማ) ውስጥ የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋመ። እዚያ በ1954 ላዲ ክዋሊ ገባች። ከመንደሯ ሴቶች የተማረችውን፣ ያለ መንኮራኩር በእጅ እየጠቀለሉ ትልቅ የውሃ እንስራ ማቆምና እንሽላሊት፣ ጊንጥና እባብ እየጫሩ ማስጌጥን ይዛ ነው የገባችው። እዚያ ግሌዝና ከፍተኛ እሳት ተጨመረበት። ሥራዋ ለንደን ውስጥ ታየ፣ ተሸጠ፣ ዛሬ ምስሏ የናይጄሪያ 20 ናይራ ላይ አለ። የአገራችን ሸክላ ሠሪ እናቶች ጀበና ላይ ስማቸው ተጽፎ አያውቅም፤ ስለዚህ «ኤል» እና «ኬ» የሚሉት ሁለት ትንንሽ ፊደላት እኔ ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ይለያል።

መፍትሄው፦ «የአፍሪካ» ተብሎ የተቀመጠውን ሁሉ ገልብጡ። ማኅተም ካለው፣ በከፍተኛ እሳት የተተኮሰና ግሌዝ የለበሰ ከሆነ የመንገድ ዳር ማስታወሻ አይደለም። ግሌዝ የሌለው፣ እንደ ጀበና የተወለወለ ጥቁር ወይም ቀይ ከሆነም አትለፉት። ኬንያ ተወልዳ በ1971 ወደ እንግሊዝ የመጣችው ማግደሊን ኦዱንዶ አቡጃ ድረስ ሄዳ ተምራለች፣ ሥራዋም በእጅ የቆመ፣ ያለ ግሌዝ የተወለወለ ነው። የእሷን ቻሪቲ ሾፕ ውስጥ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ዓይናችሁን ለማሠልጠን ግን ሙዚየም ሄዳችሁ ተመልከቱት።

«ማኅተሙ ልክ ነው፣ ዕቃው ግን አላሳመነኝም»

ስሜታችሁን እመኑ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ እስር ቤት ውስጥ የሸክላ ትምህርት የሚከታተሉ እስረኞች የሊችን ሥራ አስመስለው ሠርተው፣ ማኅተሙንም ቀርጸው፣ ዕቃዎቹ ታዋቂ ጨረታ ቤቶች ድረስ ደርሰዋል። ማኅተም መቅረጽ ቀላል ነው። እጅ ማስመሰል ነው የሚከብደው።

ሸክላ ሠሪዋን ሉሲ ሪን ለምሳሌ ውሰዱ። ከቪየና በ1938 ሸሽታ ለንደን ገባች፣ በአልቢየን ሚውስ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተች፣ በጦርነቱ ጊዜ የሸክላ ቁልፍ እየሠራች ኖረች። ጎድጓዳ ሳህኖቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ከጠባብ እግር ተነስተው እንደ አበባ ይከፈታሉ፣ ስታነሱት ካሰባችሁት ይቀላል። «ኤል አር» የሚል ማኅተም ኖሮት እንደ ድስት የሚከብድ ሳህን ካገኛችሁ ቆም በሉ። በ1946 አብሯት መሥራት የጀመረው ሃንስ ኮፐር «ኤች ሲ» ይመታል፤ አብረው የሠሩት የገበታ ዕቃ ላይ ሁለቱም ማኅተሞች ስለሚገኙ ሁለት ስም በማየት ብቻ ሐሰት ነው አትበሉ።

በትልቅ ስም የሚሸጥ ዕቃ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የቆየ ደረሰኝ፣ የኤግዚቢሽን ወረቀት፣ የቤተሰብ ፎቶ። ሻጩ ሲጠየቅ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

«ሳንኳኳው ድምፁ ድፍን ነው»

ምጣድ ገዝታችሁ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን ገበያ ላይ በጣታቸው አንጓ የሚያንኳኩት ለዚህ ነው። ዕቃውን በመዳፋችሁ አስቀምጡና በጥፍር በቀስታ ንኩት። በከፍተኛ እሳት የተተኮሰ ስቶንዌር ይጮኻል። ድፍን ካለ የማይታይ ስንጥቅ ወይም ተጣብቆ ቀለም የተቀባ ስብራት ሊኖር ይችላል። በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰ ቀይ ሸክላ ግን ደህና ሆኖም ድምፁ ለስለስ ይላል፣ እሱን ከስንጥቅ አትቁጠሩት።

ለማረጋገጥ አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ግዙና ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት፤ የጥገና ቀለም ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው ተለይቶ ይታያል። ባትሪ ከሌለ አፉን በጣት ዙሩት። ግሌዝ ይቀዘቅዛል፣ ቀለም ሞቅና ለስለስ ይላል። የተጠገነ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም፤ እንዳልተጠገነ ከፍላችሁ ግን አትግዙ።

«ውሃ ያሳልፋል»

ያለ ግሌዝ የቀረ ወይም ራኩ የሚባለው፣ በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰው ዓይነት ይሆናል። የኛ ሰው እጁ ቶሎ ወደ ማሟሸት ይሄዳል። እባካችሁ ዘይት አታስነኩት፤ ጠልቆ ገብቶ ያጠቁረዋል፣ አይወጣምም። አበባ ከፈለጋችሁ ውስጡ ብርጭቆ አስቀምጡና ውሃውን እዚያ አድርጉ። ግሌዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀው ቆሽሾ ከሆነም በረኪና አትንከሩት። ሸክላው በረኪናውን ይመጠውና ሲደርቅ ከውስጥ ሆኖ ግሌዙን ይልጠዋል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ቀናት የሚፈጅ መድረቅ።

«ወጥ ላቀርብበት እችላለሁ?»

ይህ ከዋጋ በላይ ነው፣ ደግማችሁ አንብቡት። ካርዲው በዊንችኮም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሠራቸው የነበሩት ማር የሚመስሉ፣ ቀይ ጭቃ ላይ ቢጫና ቡናማ የሚያበሩ ዕቃዎች ግሌዛቸው እርሳስ ያለበት ነው፤ መርዛማው ብረት ማለቴ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ እርጎ፣ የኮመጠጠ ነገር ሁሉ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ምግብ ያስገባዋል። የእንጀራችን ኮምጣጤነትም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። የድሮ ቀይ ሸክላ ባለ ማር ቀለም ከሆነ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ልጅ አይብላበት። ከፋርማሲ ሳይሆን ከቀለም መሸጫ የሚገኝ የእርሳስ መመርመሪያ እንጨት አለ፤ ነገር ግን «የለም» ቢላችሁም በአሮጌ ዕቃ አትመኑት።

«ብር የለኝም፣ ቤቴም ጠባብ ነው»

ዊሊያም ኢስሜ የዌክፊልድ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። በ1955 መግዛት ጀመረ። በደሞዙ፣ በትንሽ ቤቱ፣ አንዳንዴ ገና ስማቸው ካልታወቀ ወጣቶች። በ2001 ሲሞት ከ500 በላይ ሠሪዎች የሠሯቸው ከ3,600 በላይ ሸክላዎች ቤቱ ውስጥ ነበሩ፣ ዛሬ ዮርክ አርት ጋለሪ ውስጥ ናቸው። ወደ ዮርክ መሄድ ካልቻላችሁ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ግቡ፤ የሉሲ ሪ ወርክሾፕ እንዳለ ተነቅሎ የተተከለው እዚያ ሴራሚክ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ ስትወጡ በዚያው ሳምንት አንድ ኩባያ ግዙ። በሕይወት ካለ፣ ሠርቶ ራሱ ከሚሸጥ ሰው። ገልብጡትና ማኅተሙ ማን እንደሚል ራሱን ጠይቁት፤ ይነግራችኋል።