የልጆች አሞክሳሲሊን ሽሮፕ እንዴት እንደሚበጠበጥ

በቅድሚያ መድኃኒቱ የታዘዘ ይሁን። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይገነባ ያደርጋል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የጉንፋን ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ሽሮፑ ምንም አያደርገውም። የደብረ ብርሃን ብርድ አፍንጫውን ላስፈሰሰው ልጅ ሁሉ አንቲባዮቲክ መግዛት ብር ማባከን ነው።

ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ።

ጣጣው ያለው መበጥበጡ ላይ ነው። ክዳኑን ሳትከፍቱ ብልቃጡን ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ዱቄቱ ከታች ይላቀቅ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ውኃውን ባንዴ ብልቃጡ ላይ እስካለው መስመር ይሞላዋል። ዱቄቱ ይጓጉላል። ያኔ ልጁ መጀመሪያ ቀጭኑን፣ በኋላ ወፍራሙን ይጠጣል።

ቀጭኑ ነው የሚያሳስበኝ። ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ጠንካሮቹን ይተዋል፤ እነሱም ሜዳው ለቀቅ ሲልላቸው ይራባሉ። አንዳንዶቹ አሞክሳሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው። የኢንዛይሙን ዘረመል ደግሞ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ሳይቀር ያቀብላሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ከመጠን በታች መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምድ በ1945 እ.ኤ.አ. በኖቤል ንግግሩ አስጠንቅቆ ነበር።

ስለዚህ በሁለት ዙር ነው። ግማሽ ያህሉን ውኃ ጨምሩና በደንብ ነቅንቁ። አረፋው እስኪወርድ ጠብቁ። ከዚያ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ዝቅ ብላችሁ እያያችሁ እስከ መስመሩ ሙሉትና ደግማችሁ ነቅንቁ። ወረቀቱ ላይ የውኃው መጠን በሚሊ ሊትር ከተጻፈ ግን እሱን ተከተሉ።

ስትሰጡም ሁልጊዜ ነቅንቁ። የሻይ ማንኪያ አላምንም፤ የየቤቱ ይለያያል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል። ከጎረቤት የተረፈ ሽሮፕ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250ም አለ። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

የበጠበጣችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። እንደ ምርቱ 7 ወይም 14 ቀን ነው የሚቆየው፤ ከዚያ የተረፈው ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ያላችሁ ፍሪጅ ከሌላችሁ፣ በውኃ የሚሟሟውን የልጆች ክኒን ጠይቁ። መስጫው ሰዓት ሲደርስ ለአንድ ጊዜ የሚሰጠውን ብቻ በንጹህ ውኃ ማሟሟት ነው፤ መበጥበጥ የለም፣ ማቀዝቀዣም አያስፈልገውም።